ኮፒህ አልተበላሸም፣ ፊልሙ ራሱ እንዲህ ነው

ስለ «ሳርጀንት ፔፐር» ፊልም «ሙዚቃው ይሰማል፣ ንግግሩ ግን የለም» ላልከው፦ ኮፒህ ደህና ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው በዚህ ፊልም ላይ ተዋናዮቹ ይዘፍናሉ እንጂ አያወሩም። የሚናገረው ተራኪው ጆርጅ በርንስ ብቻ ነው። ሌላ ኮፒ ፍለጋ አትድከም።

የእንግሊዙን ባንድ ቢትልሶችንም አትጠብቅ። ዘፈኖቹ የእነሱ ቢሆኑም መሪዎቹ ተዋናዮች ቢ ጂስ የተባለው ባንድና ዘፋኙ ፒተር ፍራምፕተን ናቸው። ታሪኩ ውሃ አያነሳም፣ ልብሱ ሁሉ ብልጭልጭ ነው። እኔ እንደውም የምወደው ለዚሁ ነው! ከሰለቸህ ኧርዝ ዊንድ ኤንድ ፋየር የተባለው ባንድ አባላት እስኪመጡ ታገስ፤ እዚያ ጋ ድምፁን ከፍ አድርግ።

ብቻ ቢትልስ ከሚያመልክ ሰው ጋር እንዳታየው። እኔ አንዱን ጓደኛዬን ጋብዤ፣ ኮሜዲያኑ ስቲቭ ማርቲን ስለ መዶሻ የሚያወራውን የቢትልስ ዘፈን መዝፈን ሲጀምር ሰውዬው ጫማውን እየፈለገ ነበር።