የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የተማሪነት ደስታና መከራ በወጣቶች ልብ ወለድ

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እንድታነብ የተሰጣት ልብ ወለድ «ስፒክ» ይባላል። ጥቂት ገጾች ገለጥ ገለጥ አድርጌ ብመለከት ባለታሪኳ ጓደኞቿ ያገለሏት፣ ከሰው ጋር መነጋገር ያቆመች ልጅ ሆና አገኘኋት። እኛ የተማሪነት ዘመናችንን ስናነሣ ቀድሞ የሚታወሰን ሳቁና ጨዋታው ነው። ደራስያኑ ለምን መከራውን ብቻ ይመርጣሉ? ልጄስ ባታነበው ይሻል ይሆን?
(እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ታንብበው፤ እርስዎም አብረዋት ያንብቡት። ይህን የምለው የመጽሐፉን ክብደት አቅልዬ አይደለም። ሎሪ ሃልስ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው በዚህ ልብ ወለድ፣ ሜሊንዳ የተባለችው ተራኪ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት በነበረ ድግስ ላይ በክፍል በሚበልጣት ተማሪ ተደፍራለች፤ ደንግጣ ፖሊስ በመጥራቷ ድግሱ ሲበተን ግን ተማሪዎቹ የደረሰባትን ሳያውቁ አድመውባታል። በግልጽ የጻፍኩልዎ ልጅዎ እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ እርስዎ ጉዳዩን ቀድመው ቢያውቁት ስለሚሻል ነው።

«መከራውን ብቻ» በሚለው ግን አልስማማም። መጽሐፉ እንደ አሜሪካ ትምህርት ቤቶች ልማድ በአራት ሩብ ዓመታት የተከፈለ ሲሆን፣ በየሩቡ ማብቂያ የሜሊንዳ ካርድ ይቀርባል፤ በካርዱም ላይ ከአልጀብራና ከባዮሎጂ ጎን ለምሳ ሰዓት፣ ለልብስና ለማኅበራዊ ኑሮ ጭምር ማርክ ተሰጥቷል። ለእኛ ምሳ ማለት ተቀምጦ በልቶ መነሣት ነው። ለ14 ዓመት ልጅ ግን የምግብ ትሪዋን ይዛ ካፍቴሪያው መሐል ቆማ፣ ማን አጠገብ እንደምትቀመጥ ዙሪያውን መቃኘቱ ከየትኛውም ፈተና የሚከብድበት ቀን አለ፤ ጥሩ የወጣቶች ልብ ወለድም ይህን ክብደት ሳያቃልል ያስቀምጠዋል። ደስታውንም የሚመዝነው በዚያው ሚዛን ነው። የሥዕል መምህሯ ሚስተር ፍሪማን በዕጣ የደረሳትን «ዛፍ» የሚል ርእስ ዓመቱን ሙሉ እንድትሠራበት ያዝዛታል። ትስላለች፣ ትተወዋለች፣ መልሳ ትጀምራለች፤ ከምስጋና ቀን ማዕድ በተረፈ የተርኪ አጥንት ሳይቀር ቅርጽ ትሠራለች። ያቺ የሥዕል ክፍል ለሜሊንዳ መተንፈሻ ናት፤ አንባቢዋ ልጅም ትንሿን ደስታ በትልቁ የምትቀበለው ከስንት ጭንቅ በኋላ እንደ መጣች አብራ ስላየች ነው።

በእርግጥ ተስፋቸው እጅግ የመነመነ መጻሕፍት አሉ። ሮበርት ኮርሚየር እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው «ዘ ቾኮሌት ዋር» ለትምህርት ቤቱ ገቢ ማሰባሰቢያ ቸኮሌት አልሸጥም ያለ አንድ ልጅ በተማሪዎችና በመምህር ትብብር ሲደቆስ ያሳያል፤ መጨረሻውን እንዲያለዝብ አሳታሚዎች ቢጠይቁትም ደራሲው እንቢ ብሏል። የሐሳቡ መነሻ የገዛ ልጁ ቸኮሌት አልሸጥም ማለቱ ነበር። በልጁ ላይ ምንም አልደረሰም፤ አባትየው ግን «ቢደርስበትስ?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ ጻፈ። እኔ መጨረሻውን ባለማለዘቡ ልክ ነበር ባይ ነኝ፤ ሆኖም ልጅዎ ከ«ስፒክ» በፊት እንድታነበው አልመክርም።

አንድ ነገር በተለይ እርስዎ ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። የሜሊንዳ እናት የልብስ መደብር ታስተዳድራለች፣ አባቷም ሥራ ላይ ይውላል፤ ከልጃቸው ጋር በአብዛኛው የሚነጋገሩት ኩሽና ውስጥ በሚተዉት ቁራጭ ወረቀት ነው። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ደክሟቸዋል። በፈረቃ የሚሠሩ፣ አንዳንዴም ሁለት ሥራ የሚይዙ ወገኖቻችን ይህን ክፍል ሲያነቡ ልባቸው መነካቱ አይቀርም። ስለዚህ ልጅዎን ስለ መጽሐፉ ትምህርት ከመጠየቅዎ በፊት «አንቺ ምሳሽን ከማን ጋር ነው የምትበዪው?» ብለው ይጀምሩ። መልሱ በመጀመሪያው ቀን ባይመጣም ጥያቄውን አይተዉት።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ስለ ወደቀ ተማሪ አጭር ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ያነበቡልኝ ሁሉ «በጣም ከበደ፤ የሚያስቅ ነገር ጨምሪበት» ይሉኛል። ልጨምር?
(ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ለማስታገሻ ብለሽ አትጨምሪ። ርእስሽ መክበዱ አይቀርም፤ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በተሰጠበት በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ነገር ግን እነዚያው ተማሪዎች ከቤተሰባቸው ርቀው በዩኒቨርሲቲ ዶርም አድረዋል፣ ከማያውቋቸው ልጆች ጋር ተዋውቀዋል፤ ሳቁ እዚያው አለልሽ። ባለታሪክሽ ከፈተናው በፊት በነበረችው ሌሊት ከማን ጋር እንደ ሳቀ ካሳየሽን፣ ውጤቱን በስልኩ ሲያይ የሚሰማውን እኛም እንካፈለዋለን።

ዕድሜሽም አያስፈራሽ። ኤስ. ኢ. ሂንተን «ዘ አውትሳይደርስ»ን መጻፍ የጀመረችው በ15 ዓመቷ ነው፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲታተም ገና 18 ዓመቷ ነበር። እኛ አዋቂዎች በትዝታ የምንፈልገው የጠዋቱ ሰልፍ፣ የክፍል አለቃው ስም ጽፎ መያዝ፣ ካርድ የሚታደልበት ቀን ጭንቀት ለአንቺ የዛሬ ኑሮሽ ነው። በዕረፍት ሰዓት የሰማሽውን ንግግር ሳይደበዝዝብሽ በዚያው ቀን ማታ ጻፊው።