ከኮርኪኔት ለወደቀው ወንድምሽ፦ «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብሎ አይቀመጥ

እህቴ፣ ወንድምሽ ትናንት ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ከኮርኪኔት (የኤሌክትሪክ ስኩተር) ወድቆ ሚዩን (የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል) ራጅ አንሥተው «ስብራት የለም፣ አካሞል (የሕመም ማስታገሻ) ዋጥ» ብለው እንደ ሸኙት፣ የእጁ አንጓ ግን እያመመው እንደሆነ ጽፈሻል። «በጊዜው ይሻለዋል» የሚሉሽን አትስሚያቸው።

የኮርኪኔት ጎማ ትንሽ ነው፣ አብዛኛው 8.5 ወይም 10 ኢንች። የውኃ መውረጃ ፍርግርግ ወይም የባቡር ሐዲድ ውስጥ ሲገባ እሱ ቀጥ ይላል፣ ሰውየው ግን በመሪው ላይ አልፎ ይሄዳል። እጁን ዘርግቶ በመዳፉ ያርፋል። የዚያን ጊዜ ዱላውን የምትቀበለው በአውራ ጣት በኩል ያለች ስካፎይድ የምትባል ትንሽ አጥንት ናት።

1. ዛሬውኑ ይህን ሞክሩ። አውራ ጣቱን ወደ ላይ ሲያነሣ በአንጓው ጎን፣ በሁለት ጅማቶች መካከል ጎድጓዳ ቦታ ይታያል። እዚያ ስትጫኚው ካመመው፣ ወይም አውራ ጣቱን ከጫፉ ወደ አንጓው ስትገፊው ከጮኸ፣ ራጁ ምንም ቢል ሐኪም እስኪያጣራው ድረስ እንደ ስብራት ይያዝ። ይህ ስብራት በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ኦርቶፔዱ (የአጥንት ሐኪሙ) አውራ ጣቱንም የሚይዝ ጀሶ ወይም ድጋፍ ያድርግለት፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ራጁ ይደገም። አሁንም ካልታየና ሕመሙ ካልለቀቀ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ይጠይቅ። ጥድፊያው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህች አጥንት ደም በዋናነት የሚገባው ከጣት በኩል ነው፤ ወደ ክንድ በኩል የሚደርሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ነው። መሐሏ ከተሰበረች የክንድ በኩሉ ግማሽ ደም ሊያጣ ይችላል። በጊዜ የታሰረ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይገጥማል፤ የተተወ ግን ሳይገጥም ሊቀርና ብሎንና ከዳሌ የተወሰደ አጥንት ሊያስፈልገው ይችላል። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ያቁም፣ አጥንት መግጠምን ያዘገያል። ቀለበት ካለው እብጠቱ ሳይብስ አሁኑኑ ይውለቅ። ከጀሶ በኋላ ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ሌሊትም ቢሆን ሚዩን ይመለስ።

2. ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፦ ከሚዩን የተሰጠውን ወረቀት አሁኑኑ አንብቡ። «ወደቀ» ብቻ ከሆነ የተጻፈው አይበቃም። «ከኮርኪኔት፣ ወደ ሥራ ሲሄድ»፣ ከነሰዓቱና ከነቦታው መጻፍ አለበት። በመንገዱ ላይ ለሌላ ጉዳይ እስካልዞረ ድረስ ቢቱአሕ ሌኡሚ (የእስራኤል ብሔራዊ መድን) ይህን እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ያየዋል። አሠሪው ቱፌስ (ቅጽ) 250 ሞልቶ ይስጠው፣ በእሱ ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅቱ) ይታከማል፤ የደመወዝ ካሳው ደግሞ በቱፌስ 211 ነው፣ በ12 ወር ውስጥ ይገባል። ክፍያው ያለፉት ሦስት ወራት ደመወዝ 75 በመቶ ሲሆን እስከ 91 ቀን ይደርሳል። «ኮርኪኔት መኪና አይደለም፣ አንፈርምም» የሚል አሠሪ አይጠፋም። አፍ ብቻ ነው፤ ሕጉ በእግሩም ይሂድ በአውቶቡስ አይለይም። ካልፈረመ በቀጥታ ወደ ቢቱአሕ ሌኡሚ ቅርንጫፍ ሂዱ። በመስኮቱ በኩል ተገላምጣችሁ «ሌላ ቀን ና» ብትባሉ፣ ያስገባችሁበትን ማኅተም ሳትቀበሉ አትውጡ።

ከሥራ ውጭ ወድቆ ቢሆን ኖሮ የአደጋ አበል የሚባል ሌላ መብት አለ። ለእሱ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ያየው መሆን አለበት፤ ጥያቄው በ90 ቀን ውስጥ ይገባል። «ነገ እሄዳለሁ» እያለ ሦስት ቀን ያሳለፈ ሰው ይህን በሩን ራሱ ዘግቶታል። ዕብራይስጡ ካስቸገረ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ሆስፒታሉም ኩፓት ሆሊሙም የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። የአሥር ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙ።

3. ጭንቅላቱንም መትቶት ከነበረ፣ ሄልሜት አድርጎም ቢሆን፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀላፋ ወይም ንግግሩ ከተዘባረቀ ወዲያውኑ ወደ 101 (አምቡላንስ) ደውሉ።

ኮርኪኔቱን ገና አታስጠግኑት። መጀመሪያ የወደቀበትን ጉድጓድ ወይም ፍርግርግ ሜትር አጠገቡ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሡ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ሲሰማ ቶሎ ይደፍነዋል፣ ያኔ ማስረጃ የለም። መታጠፊያውንም እዩት፦ የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ መሪውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትወዘውዙት ከተንቀጫቀጨ ብሎኑ ላልቷል ማለት ነው፣ እሱንም በቪዲዮ ቅረጹ።