ጠዋትና ከሰዓት የሚለያይ ፒኤች፦ አሲድ ከመጨመርዎ በፊት

ጥያቄ፦ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ በፕላስቲክ ቤት ቲማቲም አለማለሁ። የጉድጓድ ውሃ ሮቶ ውስጥ እሞላና ማዳበሪያ በጥብጬ በጠብታ መስኖ አጠጣለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንደበጠበጥኩ ስለካው ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) 5.8 ነው፤ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ 6.4 ይላል። መለኪያውን የሚያሳስተው የውሃው ቅዝቃዜ ነው? አሲድ ልጨምርበት?

መልስ፦ አሲዱን ለጊዜው ያቆዩት። ቅዝቃዜ የፒኤች መለኪያን ያሳስታል፤ ግን ይህን ያህል አያሳስትም፣ አቅጣጫውም ሌላ ነው።

የመለኪያው መስታወት ጫፍ ለአንድ ፒኤች ልዩነት በ25 ዲግሪ 59 ሚሊቮልት ገደማ ይሰጣል፤ በ10 ዲግሪ ወደ 56 ይወርዳል። መለኪያዎ ሙቀትን የማያካክስ ከሆነ በ10 ዲግሪ ውሃ ውስጥ እውነተኛውን 6 የሚያነበው 6.05 ብሎ ነው። ስህተቱ ከ7 እየራቁ ሲሄዱ ይሰፋል፤ 4 ላይ 0.15 ይደርሳል። እንግዲህ ቅዝቃዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጠዋቱ ንባብ ከፍ ይል ነበር እንጂ ዝቅ አይልም። ኤቲሲ (ሙቀትን ራሱ የሚያካክስ ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ያለበት መለኪያ ይህችን ስህተት ራሱ ያርማታል። ውሃው ውስጥ የሚካሄደውን ለውጥ ግን አያርምም።

የእርስዎን ልዩነት በዋናነት የምጠረጥረው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የጉድጓድ ውሃ ይህን ውሃን አሲዳማ የሚያደርግ ጋዝ ይዞ ይወጣል፤ ሮቶ ውስጥ ቆይቶ ሲሞቅ ጋዙ ይተናል፣ ፒኤቹም ከፍ ይላል። ማረጋገጥ ቀላል ነው። ጠዋት ከበጠበጡት ላይ ቀድተው ይለኩ። ከዚያ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ እስከ ግማሹ ሞልተው ለ1 ደቂቃ በኃይል ይነቅንቁት፤ ክዳኑን ከፍተው አየር ያስገቡ፤ ይህን 5 ጊዜ ደጋግመው እንደገና ይለኩ። ወደ 6.4 ከተጠጋ ጥፋቱ የመለኪያው አይደለም። ሮቶው ብርሃን የሚያሳልፍና በውስጡ አረንጓዴ ነገር የሚታይበት ከሆነ ደግሞ አልጌው ቀን ቀን ጋዙን ስለሚመገብ ፒኤቹን ይባስ ከፍ ያደርገዋል። ይሸፍኑት።

ካልሲየም ናይትሬትና ፖታሲየም ናይትሬት ሲሟሙ ውሃውን ያቀዘቅዛሉ፤ ባልዲውን ከውጭ ቢዳስሱት ይታወቅዎታል። በዚያ ቅጽበት መለኪያ ቢነክሩ ቁጥሩ ሲንቀሳቀስ ይቆያል፤ በቅዝቃዜ መስታወቱ ይዘገያል። አማስለው ከጨረሱ 20 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ጫፉን ነክረው ቁጥሩ ለ1 ደቂቃ ሳይነቃነቅ ሲቆም ያንብቡ።

ሌላው ስህተት የሚገባው ደግሞ መለኪያው ሲስተካከል ነው። የ7 ማስተካከያ ፈሳሽ 7.00 የሚሆነው በ25 ዲግሪ ነው፤ በ10 ዲግሪ 7.06 ነው። ቀዝቃዛው ፈሳሽ ውስጥ መለኪያውን በእጅ 7.00 ላይ ካስተካከሉት ያን ቀን የሚለኩት ሁሉ በ0.06 ዝቅ ይላል። የ4 ፈሳሽ ብዙም አይለወጥም። የፈሳሾቹን ኩባያ ባልዲው ውስጥ 10 ደቂቃ አቁመው ሙቀታቸው ሲመሳሰል፣ መጀመሪያ በ7 ቀጥሎ በ4 ያስተካክሉ፤ ከሻንጣው የሙቀት ሰንጠረዥ ካለ ቁጥሩን ከዚያ ይውሰዱ። ጫፉን በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ወደ ፖታሲየም ክሎራይድ ክዳኑ ይመልሱት፤ በተጣራ ውሃ ውስጥ ማሳደር ይጎዳዋል፣ ማድረቅም እንዲሁ።

ሙቀት በእርግጥ የሚጎዳው የጨው መጠን መለኪያውን ነው። ንባቡ በእያንዳንዱ ዲግሪ 2 በመቶ ያህል ይቀየራል። ማካካሻ የሌለው መለኪያ በ10 ዲግሪ ውሃ 30 በመቶ ገደማ አሳንሶ ያነባል፤ ማዳበሪያ ጎደለ ብለው ቢጨምሩ ሥሩን ያቃጥሉታል።

ውሃው አድሮም ከ6.5 በላይ ከሆነ ያን ጊዜ አሲድ ያስፈልጋል። ጓንትና መነጽር አድርገው፣ አሲዱን ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲዱ ሳያፈሱ፣ በ20 ሊትር ባልዲ በሲሪንጅ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ የገባውን መጠን ይመዝግቡ። አሲድ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ቢካርቦኔት (አሲድን የሚያከሽፍ ጨው) ሲሰብር አዲስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚፈጠር የዚያች ሰዓት ንባብ ከእውነቱ ዝቅ ያለ ነው። ባልዲውን ሳይከድኑ ያሳድሩት፣ በማግስቱ የሚያነቡትን ይመኑ፤ ለ1000 ሊትር ሮቶ መጠኑን በ50 ያባዙ።