ወደቡ ወይስ ሲስተሙ? ስለ ሲንጋፖር ትሬድኔት የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በአንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ እየሠራሁ ማታ ማታ የንግድ ሥራ አስተዳደር እማራለሁ። ሲንጋፖር በኤሌክትሮኒክ ንግድ ቀድማ የሄደችው የአስመጪና የላኪ ፈቃድ በኮምፒውተር የሚያልቅበትን፣ ትሬድኔት የተባለውን ሲስተም በመዘርጋቷ እንደሆነ በክፍል ውስጥ ተምረናል። ይህንኑ ለአለቃዬ ባነሣባቸው «ወደቡ ነው እንጂ ሲስተሙ ምን ያደርጋል!» ብለው አፌን አስያዙኝ። ከሁለታችን ማን ነው ልክ?
— ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት ሲስተሙ እንዴት እንደ ተወለደ ማየት ይበጃል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1985 ከነፃነቷ ወዲህ የመጀመሪያ የሆነው የኢኮኖሚ ማሽቆልቆል ገጠማት። የሀገር ውስጥ ገበያዋ ጠባብ፣ እንጀራዋም የሌሎችን ዕቃ ተቀብሎ በማሳለፍ ላይ የተመሠረተ ስለ ነበር የንግድ ወጪዋን የምትቀንስበትን መንገድ መፈለግ ግድ ሆነባት፤ ተፎካካሪዋ ሆንግ ኮንግ ተመሳሳይ ሥራ እያሰበች መሆኑ መሰማቱም ጥድፊያውን አባሰው።

በዚያን ጊዜ ለአንድ ጭነት የሚሞሉት ቅጾች ከ20 በላይ ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ ተላላኪውም ወረቀቱን አቅፎ ከንግድ ቦርዱ ወደ ጉምሩክ፣ ከጉምሩክ ወደ ሌላው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሲመላለስ ፈቃዱ እስከ 4 ቀን ይፈጅ ነበር። የሥራው ባለቤቶች ፕሮግራም ከማስጻፋቸው በፊት የባሕርና የአየር ጭነት ሰዎችን ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር በየኮሚቴው አስቀምጠው ቅጾቹን ወደ አንድ አወረዷቸው። ከቴክኖሎጂው ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ማሽንማ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል፣ አንድን መሥሪያ ቤት የራሱን ቅጽና ማኅተም እንዲተው ማግባባት ግን በየትኛውም ሀገር ቀላል ሆኖ አያውቅም።

ትሬድኔት እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1989 ሥራ ጀመረ። ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ፣ ከቢሮው ኮምፒውተር ይልካል፤ ሲስተሙ ዕቃው የየትኛውን መሥሪያ ቤት ይሁንታ እንደሚፈልግ ለይቶ ያደርሳል፤ ቀረጡ ከአስመጪው የባንክ ሒሳብ በቀጥታ ይቆረጣል፤ ፈቃዱም ተመልሶ እዚያው ይታተማል። ቀናት ይወስድ የነበረው ጉዳይ በ15 ደቂቃ ገደማ ያልቅ ጀመር። ከ1991 ወዲህ ደግሞ አጠቃቀሙ ግዴታ ሆነ። ኔትዎርክ ዋጋ የሚኖረው የሚገናኙበት ወገኖች ሲበዙ ስለሆነ፣ መንግሥት በቅድሚያ የራሱን መሥሪያ ቤቶች ማስገባቱና ወረቀቱን ከጊዜ በኋላ መዝጋቱ ነጋዴው «ሌላው ይጀምርና አያለሁ» እንዳይል አደረገው።

ሆንግ ኮንግ ሌላ መንገድ ሄደች። ትሬድሊንክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1988 በንግድ፣ በባንክና በወደብ ድርጅቶች ተቋቋመ፤ መንግሥት ገንዘቡንም ሥልጣኑንም ለማስገባት ሲያመነታ ቆይቶ አገልግሎቱ የጀመረው በ1997 ነው። ሲንጋፖር በስምንት ዓመት ቀደመቻት ማለት ነው።

አለቃዎ የሚረቱዎት እዚህ ላይ ነው። በእነዚያው የ1990ዎቹ ዓመታት ውስጥ በአብዛኛው በዓለም አንደኛ የኮንቴይነር ወደብ የነበረችው ወረቀቷን ገና ያልጣለችው ሆንግ ኮንግ ነበረች። ከጀርባዋ የደቡብ ቻይና ፋብሪካዎች ስለ ነበሩ ጭነቱ ተላላኪው ቢዘገይም ባይዘገይም ወደ እርሷ መምጣቱ አልቀረም። ሲስተም ጭነት አይወልድም።

ሆኖም አለቃዎ ያላዩት ነገር አለ። ሲንጋፖር ከጀርባዋ እንዲህ ያለ የፋብሪካ አገር ስላልነበራት፣ ጭነቱን ይዛ ለመቆየት የቀራት መንገድ ፍጥነትና ርካሽ መስተንግዶ ነበር። ከዚህም ሌላ ትሬድኔትን ያቋቋመው ድርጅት፣ ዛሬ ክሪምሰንሎጂክ የሚባለው፣ ያካበተውን ዕውቀት ሸቀጥ አድርጎ ወደ ሞሪሸስና ወደ ጋና አሻግሮታል። ጋና ግን በ2020 ፊቷን ወደ ደቡብ ኮሪያ ሠራሽ ሲስተም አዙራለች፤ ፉክክሩ ከወደብ አልፎ በሲስተም ሻጮች መካከልም ሆኗል። የእኛም ሀገር በዚያው በ2020 የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት አገልግሎት፣ ማለትም የየመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ በአንድ ሲስተም የሚያልቅበትን አሠራር፣ ስትጀምር በዚሁ ሐሳብ መንገድ ገብታለች። ስለዚህ ወደቡ ያለው ሲስተሙን ቢያዘገይም ይኖር ይሆናል፤ ወደብ ለሌለው ግን መዘግየት የሚያስከፍለው ዋጋ ይበልጥ ይከብዳል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ትንሽ ሀገር የራሷን የክፍያ ኔትዎርክ ብትሠራ ይሻላል ወይስ ከትልልቆቹ ጋር ብትቀላቀል?
— ከዱባይ

መልስ፦ ሁለቱንም ማድረግ እንደሚቻል ያሳየችው አሁንም ሲንጋፖር ናት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ፔይናው የተባለውን የራሷን የክፍያ ሲስተም ከታይላንዱ ፕሮምፕትፔይ ጋር፣ በየካቲት 2023 ደግሞ ከሕንዱ ዩፒአይ ጋር አገናኘችው። ላኪው በስልክ ቁጥር ብቻ ገንዘብ ወደ ታይላንድ ይልካል፤ ሁለቱም ሀገሮች የየራሳቸውን ሲስተም እንደ ያዙ ናቸው። ነገር ግን አገልግሎቱ ሲጀመር ከሲንጋፖር ወደ ታይላንድ በቀን መላክ የሚቻለው እስከ 1,000 የሲንጋፖር ዶላር ነበር፤ ይህ ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ እንጂ የኮንቴይነር ዋጋ አይደለም። ትልቁ ንግድ ዛሬም በኤልሲ (ባንክ ለሻጩ በሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) እና በቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከብ ድርጅት ለተረከበው ጭነት በሚሰጠው ሰነድ) ነው የሚሄደው። ሲንጋፖር የኤሌክትሮኒክ ቢል ኦፍ ሎዲንግ እንደ ወረቀቱ ሕጋዊ እንዲሆን ሕጓን ያሻሻለችው በ2021፣ እንግሊዝ ደግሞ በ2023 ነው፤ የሕጉ ጥቅም ሙሉ የሚሆነው ግን የላኪውም የተቀባዩም ሀገር ሰነዱን በሕግ ሲቀበለው ነው።