የጎደለ ቁልፍ ይጩህ

ይህን የምጽፈው ቴራፎርም (ሰርቨርና ዳታቤዝን በኮድ የምናዘጋጅበት መሣሪያ) ለጀመራችሁ፣ ማፕ (እያንዳንዱ ዋጋ በቁልፍ ስሙ የሚፈለግበት ዝርዝር) ውስጥ ማፕ፣ እሱም ውስጥ ሌላ ማፕ ገጥሟችሁ ለተቸገራችሁ ወጣቶች ነው። እኔ ሰርቨር በእጃችን እየተሸከምን ከምንተክልበት ጊዜ ጀምሮ በዚህ ሙያ ውስጥ አለሁ።

ነገሩን እንደ ቤት አድራሻ እዩት። መጀመሪያ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወረዳ፣ ከዚያ የቤት ቁጥር። ወረዳው ከሌለ የቤት ቁጥሩን ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ቴራፎርምም ከፕሮዳክሽን ወደ ዳታቤዝ፣ ከዳታቤዝ ወደ ባክአፕ ቀናት ሲወርድ መሃል ላይ አንድ ቁልፍ ካጣ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ይደነግጣሉ። ስህተቱን ዝም የሚያሰኝላቸው ነገር ይፈልጋሉ።

ቁልፍ ፈልጎ ካጣ መጠባበቂያ ዋጋ የሚመልስ ሉክአፕ የሚባል ፈንክሽን አለ፤ የሚያየው ግን አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ሉክአፕ ውስጥ ሉክአፕ ይገባል፣ ሦስተኛው ላይ ቅንፍ መቁጠር ያደክማል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ፣ በቴራፎርም 0.12.20 እትም ትራይ የሚባለው ፈንክሽን ሲመጣ እፎይ አልን። ሙሉውን መንገድ ትሰጡታላችሁ፤ ካልተሳካ ምን ይመልስ እንደሆነም ትነግሩታላችሁ። በቃ። እኔም በየቦታው አስገባሁት።

በአንድ መስሪያ ቤት የፕሮዳክሽን ዳታቤዝ ባክአፕ 30 ቀን እንዲቆይ ጻፍኩ። ቁልፉ ላይ አንድ ፊደል ሳትኩ። ትራይ ቁልፉን ሲያጣ ምንም ሳይል የሰጠሁትን መጠባበቂያ፣ 1 ቀንን፣ መለሰ። ሁሉም አረንጓዴ ነበር። ከወራት በኋላ አንድ ሠንጠረዥ በስህተት ተሰረዘ፤ የታወቀው በአራተኛው ቀን ነው። ባክአፑን ስንከፍት ያለው የትናንቱ ብቻ ነበር። ያን ሌሊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ የምለምናችሁ የማፑን ቅርጽ አስቀድማችሁ እንድታውጁ ነው። ማፑን የሚቀበለውን ቫሪያብል ማፕ ኦፍ ኤኒ (የዋጋው ዓይነት ያልተወሰነ ማፕ) ብላችሁ አትተዉት። ኦብጀክት አድርጉት፤ የትኛው ቁልፍ ቁጥር፣ የትኛው ጽሑፍ እንደሆነ ጻፉ። ከ1.3 እትም ጀምሮ ደግሞ ኦፕሽናል (ባይሰጥም የሚያልፍ) ቁልፍ ከነመጠባበቂያ ዋጋው እዚያው ይጻፋል፣ ደስ ይላል። ግን አንድ ወጥመድ አለው። ኦብጀክት የማያውቀውን ቁልፍ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ኦፕሽናል የሆነ ቁልፍ ላይ ፊደል ከሳታችሁ እንደኔው ትራይ ሳይነግራችሁ ያልፋል። ስለዚህ ባክአፕን፣ የዳታቤዝ መጠንን፣ የኔትወርክ ክልልን የመሰለ ነገር ኦፕሽናል አታድርጉት። ግዴታ ይሁን። ከጎደለ ፕላን (ቴራፎርም ምን እንደሚለውጥ አስቀድሞ የሚያሳይበት ደረጃ) ላይ ይጩህ።

ትራይን ጨርሳችሁ ተዉት አልልም። ቅርጹ የማይታወቅ ያሜል ፋይል (ቅንብር የሚጻፍበት የጽሑፍ ፋይል) ከሌላ ቡድን ሲመጣላችሁ ሎካልስ (ለኮዱ የውስጥ ዋጋዎች ስም የምትሰጡበት ክፍል) ውስጥ አንድ ቦታ ላይ አስተካክሉበት፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ኮድ የተስተካከለውን ብቻ ይጠቀም። መንገዱ ትክክል መሆኑን ስትጠራጠሩ ደግሞ ቴራፎርም ኮንሶልን ክፈቱ። ቁልፍ በቁልፍ ውረዱ፣ የሚመልሰውን በዓይናችሁ እዩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ፕላኑንም መስመር በመስመር አንብቡት። ያኔ የኔ ፕላን ላይ 1 የሚለው ቁጥር ቁልጭ ብሎ ተጽፎ ነበር። አላነበብኩትም።