ደብዳቤ አትጠብቂ፣ መጀመሪያ እድሩ ጋ ሂጂ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በምትኖሪበት ኮንዶሚኒየም ግቢ በየወሩ ጎረቤት ሰብስበሽ ስለ ኮምፖስት፣ ስለ ጓሮ አትክልት፣ ፌስታል ስለ መቀነስ ትምህርት ልትጀምሪ አስበሻል። ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? አዳራሽ ከየት ይገኛል? ሰውስ ይመጣል ወይ? ልጆችን ላስገባ? ብለሻል። ብዙዎቹ "ወረዳ ሄደሽ አመልክቺ" ብለው መልሰውልሻል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። እኛ ግቢ ይኸው ነገር ከተጀመረ ዓመታት አልፈዋል፣ ዛሬም ሰው ይመጣል። ገና ሳይጀመር ሊቀር የነበረው ግን በማመልከቻ ሰበብ ነው። ያንቺም እንዳይቀር ያየሁትን ልንገርሽ።

ኮምፖስት ልጣጭና ቅጠል አበስብሶ አፈር ማድረግ ነው ብዬ አላብራራልሽም። እንደምታውቂው ከጥያቄሽ ያስታውቃል።

1. አዳራሽ አትለምኚ።

እኛ ለምነናል። ማመልከቻ አስጽፈን፣ ጎረቤቶች ተሰብስበን ፈርመን፣ ወደ አንድ የመንግሥት ቢሮ ወሰድን። የጠየቅነው ቀላል ነገር ነበር። እሁድ ከሰዓት ባዶውን የሚውለውን የስብሰባ አዳራሽ ለሁለት ሰዓት ፍቀዱልን ነው ያልነው። ገንዘብ አልጠየቅንም። መዝገብ ቤቱ ተቀብሎ ቁጥር ሰጠን። ከዚያ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ሌላ ቀን ስንመለስ፣ ይሄ የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ነው፣ ወደዚያኛው ክፍል ውሰዱት። እዚያ ስንደርስ፣ ቆሻሻ ካለበት ጽዳት ነው። ጽዳት ስንሄድ፣ አትክልትም አለበት አይደል፣ ግብርና ይየው። ደረጃ መውጣት፣ ደረጃ መውረድ ሆነ ሥራችን።

አብረውኝ ይሄዱ የነበሩት አንዲት እናት ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ይህን ሐሳብ ከእኔ በላይ የወደዱት እሳቸው ነበሩ። የመጨረሻው ቀን አንዱ ባለሥልጣን ወረቀቱን እንኳ ሳያነብ "ስፖንሰራችሁ ማን ነው?" አለን። ማንም የለም፣ እኛው ነን አልኩት። "ታዲያ ስለ ሽንኩርት ልጣጭ ለማውራት ነው አዳራሽ የምትጠይቁት?" ብሎ ወረቀቱን ገፋልኝ። ለራሴ ቢሆን እችለው ነበር። እኚያ እናት ግን ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አጠገባቸው ባዶ ወንበር አለ። "ይቀመጡ" ያላቸው ሰው የለም። ይህ ነገር ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

ስድቡ ብቻ አይደለም ጉዳቱ። የኮምፖስት ሥራ ወቅት አለው። መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲያቆም ነው ለጀማሪ የሚመቸው። እኛ ያንን ሁሉ የበጋ ወራት በደጅ ጥናት ጨረስነው። ክረምቱ ሲገባ ለመጀመር ጓጉተው ከነበሩት ጎረቤቶች ግማሹ ተስፋ ቆርጠው ነበር። አንቺ ላይ ይህ እንዲደርስ አልፈልግም።

ደግሞ ግቢው የእናንተ ነው እኮ። ስለ ጋራ ሕንፃ ባለቤትነት በወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያውን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ስለዚህ አንቺ የሚያስፈልግሽ የማኅበራችሁ ኮሚቴ ውሳኔ ነው። በቃል "ይሁን፣ ጀምሩ" ቢሉሽ አትቀበይ። በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ቦታው የትኛው ብሎክ ጀርባ እንደሆነ፣ ስፋቱ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ቢሸት ለማን እንደሚነገር ሁሉ ይግባበት። ኮሚቴ ይቀያየራል። የእኛው ሲቀየር አዲሱ ሊቀመንበር ቦታውን ለመኪና ማቆሚያ ፈልገውት ነበር። ቃለ ጉባኤውን አውጥተን አሳየናቸው። አንብበው ተዉት።

2. ሰው አትሰብስቢ፣ የተሰበሰበው ጋ ሂጂ።

እድሩ ሰው አለው፣ ወንበር አለው፣ ድንኳን አለው፣ የታወቀ ቀን አለው። ለወርኃዊ መዋጮ የማይመጣ ሰው የለም፣ ቅጣቱ አለ። ዳኛውን ቀደም ብለሽ ቤታቸው ሄደሽ አነጋግሪ። በስብሰባ መሀል ድንገት እጅ አውጥተሽ አትጠይቂ። "ከመዋጮው በኋላ ሰው ሳይበተን ግማሽ ሰዓት ስጡኝ" በያቸው። የእኛ እድር ዳኛ ጡረተኛ ናቸው፣ የገጠር ልጅም ናቸው። ስነግራቸው "አባቴ ፍግ ሳይበሰብስ ማሳ ላይ አይበትንም ነበር" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋናው ቀስቃሽ እሳቸው ሆኑ። እኔ ፖስተር ብለጥፍ የማይመጣው ሰው ሁሉ እሳቸው ሲሉት መጣ።

እድር ደግሞ፣ የእኛው ቢያንስ፣ ተከራይና ባለቤት አይለይም። በየኮንዶሚኒየሙ ብዙው ነዋሪ ተከራይ ነው። በባለቤቶች ማኅበር ስብሰባ ብቻ ከሄድሽ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ልጣጩን የሚለየውን ሰው ሳታገኚው ትቀሪያለሽ። የቤት ሠራተኞችንም በስማቸው ጥሪያቸው። እመቤቲቱ ተምራ ሠራተኛዋ ካልሰማች፣ አጥንቱም ፌስታሉም አንድ ባልዲ ውስጥ ነው የሚመጣልሽ።

"አበል አለው?" የሚልሽ ሰው ይኖራል። አትቀየሚው፣ ድርጅቶች ያስለመዱት ነው። አበልም ምሳም እንደሌለ ከመጀመሪያው ቁርጡን ንገሪው። ቡና ግን ይፈላ። አተላው እዚያው ክምሩ ላይ ይገባል።

3. ንግግር አታብዢ፣ ፌሮ ያዢ።

ይህ የእኔ ኩራቴ ነው፣ ሳልናገረው አላልፍም። በመጀመሪያው ወር ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ይሸታል፣ አይጥ ያመጣል።" የፈለግሁትን ያህል ባስረዳ የሚሰማኝ አልነበረም። ክምሩን ስንሠራ አንድ ቁራጭ ፌሮ መሀሉ ላይ ሰክቼ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ቆሞ እያለ ፌሮውን ሳብኩና ከሁሉ በላይ ይቃወሙ ለነበሩት ጎረቤት ሰጠኋቸው። ጫፉን ያዙት። ወዲያው ለቀቁት። "ይፋጃል!" አሉ። ቀጥሎ ሌላው ነካው፣ ልጆቹ ተጋፉ። እጃቸውን ክምሩ ውስጥ ሊያስገቡ የሚፈልጉም መጡ። ከስር እሳት የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ፣ ልጣጭና ቅጠል ነው። ከዚያ በኋላ ማንም "ቆሻሻ" ብሎ አልጠራውም።

ክምሩ እንዲህ እንዲግል ግን መጠኑ ትንሽ መሆን የለበትም። በሁሉም አቅጣጫ 1 ሜትር ገደማ ይሁን። በደንብ ሲሠራ በቀናት ውስጥ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል። በአንድ ባልዲ ሞክረሽ "አልሠራም" እንዳትዪ፣ ባልዲ ሙቀት አይዝም። ደረቁ ነገር ከእርጥቡ ሁለት ሦስት እጥፍ ይብለጥ። እርጥቡ ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ ነው። እሱን ማንም ያመጣል። የሚቸግርሽ ደረቁ ነው። ስለዚህ ደረቅ ቅጠልና ካርቶን ከአሁኑ በጆንያ ማጠራቀም ጀምሪ። ሳጋቱራ ከእንጨት ቤት ብታገኚ ጥሩ ነው፣ ግን በጥቂቱ። ኤምዲኤፍና ችፑድ ከሚቆርጥ ቤት አታምጪ፣ ሙጫ አለበት።

ሥጋ፣ አጥንት፣ ቅባት፣ ወጥ የነካው እንጀራ አይግባ። አይጥና ውሻ የሚጠራው ይኸው ነው። ከሸተተሽ አየር አጥቷል ወይም ውኃ በዝቶበታል ማለት ነው። ደረቅ ጨምረሽ ገልብጪው፣ ይተዋል። እፍኝ ዘግነሽ ስትጨምቂው ጠብ ጠብ የምትል ውኃ ብቻ ከወጣች እርጥበቱ ልክ ነው። በክረምት ሸራ አልብሺው። በየሁለት ሳምንቱ ከተገላበጠ በሦስት በአራት ወር ጥቁር አፈር ይሆናል። ሽታው ዝናብ የመታው መሬት ነው።

እዚህ ጋ ቁጥሩን ልተወው፣ ቀሪው ሁሉ የተያያዘ ነው።

"ለምን እንለፋለን? የጽዳት ማኅበራቱ ይወስዱልናል" የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። እኛ ግቢም ነበረ። እኔ ለዚህ መልሴ የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ማታ የዚያ ቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ክምሩ ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ፣ ልጆች ያሏቸው ሰዎች። ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። አየር በሌለበት ሲቀበር ሚቴን የሚባል የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ግቢያችን ውስጥ አፈር መሆን የሚችለውን ነገር በመኪና ጭነን ሌላ ሰው ደጅ ላይ የምንቆልልበት ምክንያት አይታየኝም። ይህን ስናገር ድምፄ ይለወጣል፣ ጎረቤቶቼም ያውቁታል። አንቺም የሚሰማሽን ሳትደብቂ ተናገሪ። ሰው ከልብሽ እንደሆነ ያውቃል።

አፈሩ ሲደርስ ወዲያው አትክልት ይተከልበት። ሰው አረንጓዴ ነገር ካላየ ይሰላቻል። መሬት ከሌላችሁ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ይበቃል። መሀሉ ላይ ከላይም ከታችም የተከፈተ ጣሳ አቁመሽ ጠጠር ሙይበት፣ ዙሪያውን አፈርና ኮምፖስት አድርጊ፣ ጣሳውን ወደ ላይ እየሳብሽ ቀጥዪ። ውኃው በጠጠሩ በኩል እስከ ታች ይወርዳል። ጎኑን በስተሽ ቆስጣ ስትተክዪ ጠባብ ቀዳዳ አድርጊ፣ ሰፊ ከሆነ አፈሩ ይፈስሳል። ቆስጣ ዳር ዳሩን እየቀነጠብሽ ለወራት ትበያለሽ። በረንዳ ላይ ግን አታስቀምጪው፣ ውኃ የጠጣ አፈር ከባድ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አትክልትና ሩዝ የታጠበበትን አጠራቅሙ።

የፌስታሉን ትምህርት እኔ አላስተማርኩም። ያስተማሩት እነዚያው ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ናቸው። ዘንቢል መሥራት ያውቃሉ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ዙሪያቸውን ወጣቶቹ ከበዋቸው፣ ጣታቸው ሲፈጥን ማየት ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ ጎረቤት ደግሞ ከአሮጌ መጋረጃ የገበያ ቦርሳ እንዴት እንደሚሰፋ አሳየች። ቀጫጭኑን ፌስታል የሚከለክል ሕግ ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ ነበር፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ፌስታልን ጭራሽ የሚከለክል አዋጅ ወጥቷል። ሕጉን አንብበሽ ብቻ ብትሄጂ ሰው ያዛጋል። ዘንቢል አስይዘሽው ስትልኪው ግን ገበያ ላይ ሌላው ይጠይቀዋል። ሀይላንዱንና ጠርሙሱን ለይተን ለቆራሌ እንሸጣለን፣ ገንዘቡ ለአካፋና ለዘር ይውላል።

እና ያ ቢሮ? ሥራው ከታየ በኋላ መጣ። ባነር ይዘው፣ ካሜራ ይዘው። ቆስጣው አጠገብ ቆመው ፎቶ ተነሱ። ያው ወረቀቴን የገፋው ሰው "ሞዴል ግቢ ናችሁ፣ ለሌሎች ተሞክሮ ታካፍላላችሁ" አለኝ። አላስታወሰኝም። እኔ ግን ፊት ለፊት ነገርኩት፤ "የዛን ቀን እኚህን እናት አቁመህ ነው የመለስከን" አልኩት። ዝም አለ። ጎረቤቶቼ "ለምን ተናገርሽው" አሉኝ፣ አልተጸጸትኩም። ሊጎበኝሽ የሚመጣ ቢሮ ካለ በደስታ ተቀበዪ፣ ግን ፕሮግራምሽን ለእነሱ ቀን ብለሽ አትለውጪ። በእነሱ ጉብኝት ሰበብ አንድ እሁድ አዛውረን የመጣው ሰው ጥቂት ነበር።

ልጆችን ላስገባ ወይ ላልሽው፣ አስገቢ። ሰፈራችሁ ያለው ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ካለው መምህሩን አነጋግሪ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይዟቸው ይምጣ። ለልጆቹ ጓንት ይኑር፣ ከልጣጩ ጋር ስባሪ ጠርሙስ ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ትልልቆቹ አይተው ይልቀሙት። ሲጨርሱ በሳሙና ይታጠቡ፣ አንድ ጄሪካን ውኃ ለዚህ ብቻ አስቀምጪ። የመገልበጡን ሥራ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ወንዶች ልጆች ስጪ፣ ይወዱታል። የፌሮው ቀን ሁሉም ይኑሩ።