ልጄ የሌላ ሰው ልጅ ፎቶ አሰራጭቶ ፖሊስ ሲጠራው ያየሁት

እህቴ፣ ጥያቄዎን ያነበብኩት ትናንት ማታ ነው፤ እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅዎ የክፍል ጓደኛውን እርቃን ፎቶ ከሌላ ልጅ ተቀብሎ በቴሌግራም ቡድናቸው ውስጥ ለቀቀው። የልጅቷ ቤተሰብ ከሰሰ፣ ፖሊስ መጥሪያ ላከ። «እሱ እኮ ፎቶውን አላነሳውም፣ የተላከለትን ነው ያስተላለፈው። ይታሰራል ወይ? ነገሩ እስኪበርድ ክፍለ ሀገር አጎቱ ዘንድ ልላከው ወይስ ሽማግሌ ልላክ?» ብለዋል። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ከአራት ዓመት በፊት ግን ዛሬ እርስዎ ያሉበት ጭንቀት ውስጥ የነበርኩ አባት ነኝ።

«እሱ አላነሳውም» የሚለውን ክርክር እኔም ይዤ ነበር ጠበቃ ዘንድ የሄድኩት። ጠበቃው አላስጨረሰኝም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን ገልጦ ማሰራጨት የሚለው ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ። አዋጁ ፎቶውን ማን አነሳው ብሎ አይጀምርም። በአንቀጽ 13 መሠረት የሌላውን ሰው ክብርና መልካም ስም የሚያጎድፍ ምስል ያሰራጨ ሰው እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ሊፈረድበት ይችላል። «ገንዘብ ካላመጣሽ እለቀዋለሁ» የሚል ማስፈራሪያ ካለበት ደግሞ ጉዳዩ ወደ ጽኑ እስራት ሊሄድ ይችላል። ከሁሉ የሚከብደው አንቀጽ 12 ነው። ምስሉ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን በግልጽ ወሲባዊ ድርጊት ላይ የሚያሳይ ከሆነ ቅጣቱ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ ማሰራጨት ብቻ ሳይሆን በስልክ ይዞ መገኘትም ያስጠይቃል። ስለዚህ ጠበቃዎን አስቀድመው የሚጠይቁት ፖሊስ ምርመራውን የጀመረው በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ ይሁን። ቀጥሎ የምነግርዎት ሁሉ የሚወሰነው በእሱ ነው።

የእኔ እህት ደግሞ «ልጅቷ ራሷ አይደለች እንዴ ለፍቅረኛዋ የላከችው?» አለች። ይህንን እርስዎም ከዘመድ ይሰማሉ፤ እባክዎ ቤትዎ ውስጥ እንዳይደገም ያድርጉ። ልጅቷ አንድን ሰው አምና ላከችለት እንጂ ቡድኑ ውስጥ ላለው አርባ ተማሪ አልፈቀደችም። የአንድ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የከለከለው በ1952 ዓ.ም. ነው። ቴሌግራም ቀርቶ ቴሌቪዥን እንኳን አገራችን ባልገባበት ጊዜ።

ልጁን ስለ መደበቅ። ወንድሜ ደሴ ልውሰደው ብሎኝ ነበር፤ ቦርሳው ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር። ባለቤቴም ስልኩን ልታጠፋው ፈልጋ ነበር። ጠበቃው ሁለታችንንም አስቆመን። ምስሉ ቀድሞ በአርባ ስልክ ላይ ነው። የልጅቷ ወንድም የቡድኑን ገጽ ከነልጄ ስምና ከነሰዓቱ አሳትሞ ለፖሊስ ሰጥቷል። «ስልኩን ብታጠፉት የምታጠፉት ማስረጃውን አይደለም፤ ልጃችሁ እውነቱን ተናገረ የሚባልበትን ዕድል ነው» አለን። መጥሪያ ደርሶት የተሰወረ ልጅ በኋላ በዋስ ልውጣ ሲል ማን ያምነዋል? በተጠራበት ቀን ከእኔና ከጠበቃው ጋር ሄደ። ያለመናገር መብት እንዳለው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ተጽፏል፤ ጠበቃው ከመግባታችን በፊት ይህንን አስረዳው። ልጄ ግን ያደረገውን ተናገረ።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው የታተመውን ወረቀት ያየሁት። ቤት ውስጥ «ሳላስበው ነው ያስተላለፍኩት» ብሎኝ ነበር። ከፎቶው ሥር ሦስት የሳቅ ምልክቶች አሉ፤ ከነሱ ቀጥሎ ስለ ልጅቷ አንድ ቃል ጽፏል። ቃሉን እዚህ አልደግመውም። ያሳደግኩት ልጅ የጻፈው ነው። መርማሪው ዝም ብሎ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ፤ ከዚያ በኋላ ልጄን ለማስተባበል አፌን አልከፈትኩም።

አሁን ስለ ሽማግሌ፤ ብዙ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። በሳምንቱ ሦስት የሰፈር አባቶችን ይዤ የልጅቷ ቤት ሄድኩ። አባትየው አስገቡን፣ አስቀመጡን፣ ሽማግሌዎቹ ተናግረው እስኪጨርሱ አዳመጡ። ስለ ልጄ የትምህርት ተስፋ፣ ስለ እናቱ ሕመም፣ ስለ ጉርብትና ተነገራቸው። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ ትምህርት ቤት ካቆመች ዛሬ አሥራ አንድ ቀኗ ነው። እህል በግድ ነው የምትቀምሰው። እስካሁን ስትናገሩ እንዴት ናት ብሎ የጠየቀኝ የለም።» ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቆብ አውልቆ ተነሣ። ተያይዘን ወጣን።

ጠበቃው ሲሰማ ተቆጣኝ። በአንቀጽ 13 ያለው የስም ማጥፋት ክስ በግል አቤቱታ የሚቀርብ ስለሆነ ተበዳይ ይቅር ብትል ሊቀር ይችላል። አንቀጽ 12 ግን የዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ነው፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ቢታረቅ፣ ካሳ ቢከፈል፣ ክሱን የሚያቆመው ነገር የለም። ያም ሆነ ይህ ምርመራ ላይ እያለ ወደ ተበዳይ ቤት ሰው መላክ ምስክርን እንደ መጫን ሊቆጠር ይችላል። ልጅዎም «ይቅርታ» ለማለት እንኳን ለልጅቷ መልእክት እንዳይልክ። ይቅርታው እውነተኛ ከሆነ ጉዳዩ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሽምግልናን የምንቅ ሰዎች አይደለንም፤ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ነበር። ነገር ግን ሽምግልና የተበዳይን እንባ ማድረቂያ መሆኑ ቀርቶ ልጅን ከፍርድ ማሸሻ ሲሆን ያችን ልጅ ሁለተኛ ጊዜ መበደል ነው።

ይታሰራል ወይ ላሉት ዕድሜው ብዙ ይወስናል። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው የአዋቂ ቅጣት አይፈረድበትም፤ ተግሣጽ፣ ክትትል ያለበት ትምህርት፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ መቆየት፣ ሲከብድ የጠባይ ማረሚያ ተቋም መግባት ይታዘዝበታል። ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ያለው፣ ማለትም የእርስዎም የእኔም ልጅ፣ የሚዳኘው በመደበኛው ሕግ ነው። ብዙ ወላጅ «ገና ልጅ ነው» ብሎ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ ግን ዕድሜውንና የመታረም ተስፋውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ከታሰረም ከአዋቂዎች ተለይቶ እንዲያዝ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ያዛል፤ ይህንን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይጠይቁ።

የእኔ ልጅ በአንቀጽ 13 ተከሶ ጥፋተኛ ተባለ፤ ስድስት ወር ቀላል እስራት፣ በሁለት ዓመት ገደብ። ምስሉን መጀመሪያ የለቀቀው ልጅ ግን በድርጊቱ ቀን አሥራ ስምንት ዓመት ከሦስት ወር ሆኖት ነበር፤ ልጅቷንም አስፈራርቷት ነበር። እሱ ማረሚያ ቤት ገባ። አብረው ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ።

ገንዘብ በተመለከተ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2124 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ለሞራል ጉዳት የተቀመጠው የካሳ ጣሪያ ግን አንድ ሺህ ብር ነው፤ ከ1952 ጀምሮ ያው ነው። የልጅቷ ሕክምናና የትምህርት ቤት ለውጥ ወጪ ከዚያ ስንት እጥፍ እንደሆነ እኔ ስለማውቅ አንድ ሺህ ብር ሲባል ስሰማ አፈርኩ። የቻልኩትን በጠበቆች በኩል ሸፈንኩ፤ ክሱ ላይ ምንም ነገር እንዲለወጥ አልጠየቅኩም።

ለልጅቷ ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ልጅዎ የለቀቀውን ምስል ከቡድኑ ለሁሉም እንዲሰረዝ ያድርግ፣ ይህንን ግን ጠበቃ አማክሮና ለፖሊስ አስታውቆ። ለማንም አያሳየው፣ «ማስረጃ ነው» ብሎም ወደ ሌላ ስልክ አያሻግረው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ላሉ ደግሞ በአሜሪካ የጠፉና የተበዘበዙ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል የሚመራ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ፎቶው ከልጅቷ ስልክ ሳይወጣ የምስሉ መለያ ቁጥር ብቻ ይላካል፤ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክም በዚያ ቁጥር ምስሉን ለይተው ያነሱታል። ከየትኛውም አገር መጠቀም ይቻላል። ይህንን ለቤተሰቧ በጠበቃቸው በኩል ያድርሱላቸው፣ ከእርስዎ እንደመጣ ባይነገርም።

ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሲሄዱ የልጅዎን የልደት የምስክር ወረቀት ይያዙ። እኛ የያዝነው የክርስትና ካርድ ነበር፤ ቀኑ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ጋር አልገጠመም፣ ለዕድሜ ምርመራ ሆስፒታል ተላክን፣ አሥር ቀን ባከነ። የሚቆጠረው የዛሬ ዕድሜው ሳይሆን ምስሉን በለቀቀበት ቀን የነበረው ነው።